ድምፅ ያለው ቴሌቪዥን ፍለጋ

ሰኞ 6

ይህን ደብተር ከጋራዥ አመጣሁት። ሽፋኑ ላይ «የዘይት ቅየራ» ተብሎ ተጽፏል። የተሠራበት አራት ገጽ ብቻ ነበር፤ እሱን ቀድጄ ጥያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የቴሌቪዥን ደብተር ነው።

የሳሎናችን ቴሌቪዥን ድምፁ ሞቷል። ምስሉ ደህና ነው። ልጄ በተወለደች ዓመት የገዛነው ነው፤ እሷ ዘንድሮ ትምህርቷን ትጨርሳለች፣ እሱም አብሯት መመረቅ አምሮት ይሆናል። ትናንት ጀርባውን ፈትቼ አቧራውን አራገፍኩ፣ ስፒከሩን በሌላ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ዜና አንባቢዋ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ የምትለው ግን ለራሷ ብቻ ነው።

ሚስቴ «ለእኔ ይሰማኛል» ትላለች።

«ላንቺማ ምን የማይሰማሽ አለ? አጥር ማዶ ሲንሾካሾኩ ትሰሚያለሽ» አልኳት። ፈገግ አለች።

ስለዚህ አዲስ እንገዛለን። አንደኛ ድምፅ፣ ሁለተኛ ዋጋ፣ ስፋቱ መጨረሻ። ሱቅ ስገባ የሚሉኝን እዚህ እጽፋለሁ። የዘንድሮ ባለሱቆች ሲያወሩ ይጣደፋሉ፣ ቤት ስደርስ አንዱም አይያዝልኝም። ደግሞ ይሄ ዝናብ! ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማን ማንን ይሰማል?

ረቡዕ 8

ሥራ በዛ። ሦስት መኪና ተሰልፏል። ተማሪ የሚያመላልሰው ሚኒባስ ሹፌር መጥቶ ከፊት በኩል የሚጮህ ነገር አለ አለኝ። ነገ አየዋለሁ አልኩት። ቴሌቪዥን፦ ምንም።

ሐሙስ 9

ጋራዥ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። «ጆሮው» ነው የሚሉኝ። መኪና ከበር ሲገባ፣ ገና ሳይቆም፣ ሕመሙን እናገር ስለነበር ነው። «ስለነበር» ብዬ ጻፍኩ። ስለምናገር ማለቴ ነው።

ለሚያስቸግረው ደግሞ ካቻቪቴ አለኝ፣ ክንድ የሚያህል። ጫፉን ብረቱ ላይ አሳርፌ እጀታውን ከጆሮዬ በስተኋላ ካለው አጥንት ጋር ሳጣብቀው፣ መኪናው ያለበትን ሁሉ ይናዘዛል። ጌታዬ የምንላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው ያስተማሩኝ። «ሰው ይዋሻል፣ ብረት አይዋሽም» ይሉ ነበር።

የተማሪዎቹን ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ነዳሁት። ሹፌሩ ከጎኔ ተቀምጧል። ዝምተኛ፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ አምስት ዓመት መኪናውን ለሌላ መካኒክ ሰጥቶ አያውቅም። ከመታጠፊያው ጋ ስንደርስ «ይኸው! ይኸው አሁን ጮኸ፣ ጋሼ» አለኝ። እኔ የሰማሁት ዝናቡን ነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አጠፍኩት። ዝናብ።

«ጎማው ነው» አልኩት። የፊቱን ጎማ ወደኋላ፣ የኋላውን ወደፊት አዛወርኩለት። ክሪክ ላይ አውጥቼ እግሩን እያሽከረከርኩ በካቻቪቴ ማዳመጥ ይቻል ነበር። ግን ከኋላው ሁለት መኪና ቆሟል። ደግሞ በመንገድ ላይ የሰማሁትን መኪና ክሪክ ላይ አውጥቼ አላውቅም።

ቅዳሜ 11

ከሚስቴ ጋር ሱቅ ሄድን። ግድግዳ ሙሉ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዓሣ ያሳያሉ። ዓሣ ምን ድምፅ አለው? «ሰው የሚያወራበት ክፈትልኝ» አልኩት ባለሱቁን። አፉ ውስጥ የሚያወራ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል አልያዝኩም። እሱ ለእኔ ይናገራል፣ ሚስቴ ትመልሳለች። እኔ እጠይቃለሁ፣ መልሱን ሚስቴ ዞራ ትነግረኛለች። በመጨረሻ ተናደድኩ።

«እኔ ልግዛ ወይስ አንቺ?»

«ግዛ፣ ማን ከለከለህ» አለችኝ።

ደብተሩን ለባለሱቁ ሰጥቼ እንዲጽፍልኝ አደረግሁ። የጻፈው እነሆ፦ 32 ኢንች፣ ዋጋው የሚቻል። 43 ኢንች፣ አይቻልም። ዋስትና አንድ ዓመት።

ስንመለስ ሚስቴ በቀኜ በኩል መጣች። እንደልማዴ ተሻግሬ በግራዬ አደረግኋት። ሰው በግራዬ ሲሆን ደስ ይለኛል፤ ጥሩ ያልሆነ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ተወችው።

እሁድ 12

ዛሬ አልዘነበም። ጠብ አላለም። ቴሌቪዥኑ ግን ያው ነው።

ጎረቤታችን አስተማሪው በር አንኳኳ። ማንኳኳቱን የነገረችኝ ልጄ ናት። በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ይቅርታ ሲጠይቅ የበደለው እሱ ይመስላል። «የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፣ ትንሽ ቀነስ ብታደርጉልኝ» አለ። የድምፁን ቁጥር አየሁት፦ አርባ ስምንት። አርባ ስምንት ላይ የሚንሾካሾክ ቴሌቪዥን ነው እንግዲህ ያለን።

ልጄ ስታጠና ሁለት ጆሮዋ ላይ ጥጥ ወትፋለች። ሰሞኑን አይቼባታለሁ። በዚህ ብርድ ጆሮዋ ታሞ እንደሆነ እናቷን መጠየቅ አለብኝ።

ማክሰኞ 14

የተማሪዎቹ ሚኒባስ የፊት እግሩ አልዞር ብሎ ያዘ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ። አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩበት። ማንም አልተጎዳም። ማንም አልተጎዳም። አንዲት ልጅ ከንፈሯ ተላጠ።

እግሩን የሚያዞረው ኩሽኔታ ተፈጭቶ ዱቄት ሆኗል።

ረቡዕ 15

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ልጆቹ የተረፉት መኪናው ለመቆም ፍጥነቱን ቀንሶ ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት ሁለት መቶ ሜትር የሚሆን ቁልቁለት አለ። እኔ ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ።

የጋራዡ ባለቤት ቢሮው ጠራኝ። ወዳጄ ነው፣ አብረን ነው ያረጀነው። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጥቷል። ሹፌሩ «ድምፅ እንዳለው ለመካኒኩ ተናግሬያለሁ» ብሏል። እውነት ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

«ስትነዳው ድምፅ ነበረው?» አለኝ።

«አልነበረውም» አልኩት።

«ምንም?»

«ምንም። ኩሽኔታ አንዳንዴ ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል።»

አይሄድም። በሠላሳ ዓመት ሳያስጠነቅቅ የሄደ ኩሽኔታ አላየሁም። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ይጮሃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። ይህን ያስተማርኳቸው ሁሉ ያውቃሉ።

ግን አልዋሸሁም። ያልሰማሁትን ሰማሁ ልበል? ባለቤቱ «በፍተሻ ወቅት ድምፅ አልነበረም» ብሎ ጽፎ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታበት።

ወደ ማታ ሹፌሩ መጣ። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ ቆሞ፣ በግራዬ፣ «ጋሼ፣ አንተ ጎማ ነው ካልክ ጎማ ነው ብዬ ነው የነዳሁት» አለ። ከሥራ አግደውታል። ሦስት ልጆች አሉት።

ክሪክ ላይ ባወጣው አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ቅዳሜ 18

ሱቅ ብቻዬን ሄድኩ። ጭንቅላቴን ከሌላው ነገር ላሳርፈው ብዬ ነው። ካቻቪቴዬን ይዣለሁ።

በሁለተኛው ሱቅ ባለሱቁ ሌላ ሰው ሲያስተናግድ ከቴሌቪዥኖቹ ኋላ ገባሁና ጫፉን አንዱ ላይ አሳረፍኩ፣ እጀታውን አጥንቴ ላይ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ይንሿሿል። ሁለተኛው የታፈነ ነው። ሦስተኛው ግን! ሰውየው ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው ያወራው። እያንዳንዷ ቃል፣ ትንፋሹ ሳይቀር። ስለ ጥርስ ሳሙና ነበር የሚያወራው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለጥርስ ሳሙና ያለቀስኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቀና ስል ባለሱቁ አጠገቤ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየመረጥኩ ነዋ።»

«በካቻቪቴ?»

«አንተ ሐብሐብ ስትገዛ በምን ነው የምትመርጠው? እየመታህ አይደል?» አልኩት።

32 ኢንች ነው። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ፋብሪካ ነው የሠራው፣ ለማሳያ የቆመ ስለሆነ ቅናሽ አደረገልኝ። በክንዴ አቅፌ ወደ ቤት አመጣሁት።

እሁድ 19

አይሰማም።

ምስሉ መስታወት ነው፣ ቀለሙ ለጉድ ነው። ድምፁ ግን ከአሮጌው ብሶ ቁጭ አለ። ባለሱቁ ሳላየው ለውጦብኛል። ሚስቴ ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ ቀነሰችው፣ እኔ ከፍ አደረግሁት፣ እሷ ቀነሰችው። በመጨረሻ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ይቺን ግን ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

ሰኞ 20

ቴሌቪዥኑን ታቅፌ ተመለስኩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ባለሱቁ ሰክቶ ከፈተው። ቁጥሩ አሥራ አምስት ላይ ነው፣ አይቻለሁ። አንድ የቀልድ ጨዋታ ይታያል። ሱቁ ውስጥ ስድስት ሰው ይሆናል፤ አንዲት ሴትዮ ሸክላ ሳህን ልትገዛ የመጣች፣ በር ላይ ጥላቸውን የሚያራግፉ አንድ ሽማግሌ። ድንገት ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው፣ አባቴ ቢኖሩ እኩያቸው የሚሆኑት፣ በር ላይ ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ከእነሱ በኋላ።

«ምን ጎደለው ጋሼ?» አለኝ ባለሱቁ። ቀስ ብሎ፣ ፊቴን እያየ ነው የተናገረው። ምንም አልጎደለውም አልኩትና ታቅፌው ወጣሁ።

ረቡዕ 22

ዛሬ የጻፍኩትን ማንም ባያየው ደስ ይለኛል።

አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል። ከላይ ጋቢናው ውስጥ ቀለም ቀቢያችንና የጋራዡ ባለቤት ገብተው በሩን ዘግተው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሲገባ አይቻለሁ። እኔ እንደልማዴ ካቻቪቴውን ከጋቢናው ወለል ብረት ጋር አገናኝቼ አጥንቴ ላይ አድርጌያለሁ። ሞተሩ እስኪነሳ እየጠበቅሁ።

በብረቱ መጣ። ቀለም ቀቢው ነው።

«ጆሮው ከሄደ እኮ ቆየ። ስንት ጊዜ ከኋላው ሆኜ ጠርቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ ባለቤቱ።

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል» አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። አገር ሁሉ የሚያወራውን መጨረሻ የሰማሁት እኔ። ከመኪናው ሥር ለመውጣት ቶሎ አልፈለግሁም። ዘይት ግንባሬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ተውኩት።

ሐሙስ 23

ለምሳ ወደ ቤት መጣሁ፣ ማንም የለም። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፣ ቁጥሩን አሥራ አምስት ላይ አደረግሁ። ወንበር አስጠግቼ ካቻቪቴውን ጀርባው ላይ፣ እጀታውን አጥንቴ ላይ። ዜና ነበር። ሁሉንም ሰማሁ። ለብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን የዜና አንባቢዋን ድምፅ፤ ለካ ትንሽ ሻካራ ነው፣ ደስ የሚል። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።

ስገልጥ ሚስቴና ልጄ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ከግድግዳ ጋር ጭንቅላቱን እንዳጣበቀ ሌባ ሆኛለሁ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። ልጄ ከሁለቱ ጆሮዎቿ ጥጡን አውጥታ ኪሷ ከተተችው።

ጥጡ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈተናዋ ሁለት ወር አልቀረውም፣ በእኔ ቴሌቪዥን መሐል ነው ያጠናችው። አንድ ቀን አልተናገረችኝም። አፈርኩ። ልጄን ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ሚስቴ መጥታ ይህን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። አላነበበችም፤ ባዶ ገጽ ፈልጋ ጻፈችበት። ጽሕፈቷ ከዚህ በታች ያለው ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የጆሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለህ። ከያዝኩት አንድ ወር አልፎታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እሺ በለኝ።

እሺ አልኳት።

ቅዳሜ 25

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከመሳቢያዋ እንደ ሹካ ባለ ሁለት ጣት ብረት አወጣች፣ ጉልበቷ ላይ መታችውና ከጆሮዬ ፊት ያዘችው። ምንም። ከዚያ እግሩን ከጆሮዬ በስተኋላ አጥንቱ ላይ አሳረፈችው። ጭንቅላቴ ሙሉ ጮኸ።

«ይሄን የት ተማርሽው?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት።»

«እኔ ጋራዥ ነው የተማርኩት» ብዬ ስለ ካቻቪቴው ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ መጻፍ ጀመረች።

በአጥንት የሚገባውን እሰማለሁ፣ በአየር የሚመጣውን አልሰማም። ጆሮ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ አጥንቶች አሉ፤ የእኔዎቹ ተጣብቀዋል፣ በተለይ የቀኙ። «ዝገው ነዋ» አልኳት። «እንደዚያ ይበሉት» አለች። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ለጊዜው ግን የመስሚያ መሣሪያ ይበቃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ቴሌቪዥናችን ከተበላሸ ወዲህ ልላት ነበር። ሚስቴ ቀደመችኝ።

«አራት ዓመት።»

አራት ዓመት። ስንት መኪና ነው?

ሰኞ 27

ጠዋት የጋራዡ ባለቤት ቢሮ ገብቼ የጻፍኩትን ሰጠሁት። ሙሉው እንዲህ ይላል፦

«ሹፌሩ ከፊት እግር በኩል ድምፅ እንዳለ ነግሮኛል። ሁለት ጊዜም በመንገድ ላይ አመልክቶኛል። ድምፁ ነበረ። እኔ ጆሮዬ ስለማይሰማ አልሰማሁትም፣ አለመስማቴንም አልተናገርኩም። መኪናውን ክሪክ ላይ አውጥቼ መመርመር ሲገባኝ አልመረመርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አነበበው። «ይሄ ከወጣ ስምህ ያልቃል፣ የጋራዡም ስም አብሮ» አለኝ።

«የሹፌሩ እንጀራ አልቋል» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ዞሮ፣ ዓይኔን እያየ፣ ጮክ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ አትፈትሽም። የምትነካው መኪና ሁሉ ክሪክ ላይ ይወጣል፣ ሌላ ሰው አብሮህ ያያል» አለ። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ሠላሳ ዓመት ጆሮው ነበርኩ።

ደብዳቤውን ወደ ትምህርት ቤቱ ራሴ ወሰድኩት። ርዕሰ መምህሯ ቆማ አነበበችው፣ ቁጭ በል አላለችኝም። አልፈርድባትም። ስወጣ ልጆቹ እረፍት ላይ ነበሩ። ከንፈሯ ላይ ቅርፊት ያለባት አንዲት ትንሽ ልጅ አየሁ። ያቺ ትሁን ሌላ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ 30

ትምህርት ቤቱ ዝም። ሹፌሩም ዝም። ሌሊት እንቅልፍ የለም።

እሁድ 3

መሣሪያው አርብ ተገጠመልኝ። ትልቁን ቴሌቪዥን አለመግዛታችን ጠቀመን፣ የተረፈው ገንዘብ ለዚህ ሄደ። እንደ ባቄላ ያለች ነገር ናት። የመጀመሪያ ቀን ሁሉ ነገር ጠላቴ ሆኖ ዋለ፦ ማንኪያ፣ ጋዜጣ ሲገለጥ፣ የራሴ ጫማ። የቤታችን በር ይጮሃል። ይሄን ያህል ጊዜ ሲጮህ መካኒክ ቤት ውስጥ እያለ ማንም ዘይት አላጠጣውም።

ዛሬ ሦስታችንም ቴሌቪዥን አየን። ቁጥሩ አሥራ አራት ነው። ልጄ እዚያው ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ታጠናለች፣ ጥጥ የለም። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤ እኔ ነኝ ሰምቼ የከፈትኩት። አስተማሪው ነው።

«ድምፅ ብናጣ ጊዜ ደህና ናችሁ ወይ ልል ነው» አለ።

ማክሰኞ 5

ሹፌሩ ተመልሷል። ርዕሰ መምህሯ ትናንት ጠርታ ቁልፉን ሰጠችው። ዛሬ ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ጋራዥ በር ላይ ቆመ። ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ቢሄድም አልቀየመውም።

ወርዶ መጣ። መሣሪያውን ጆሮዬ ላይ አየው። ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ የወጣኝ ግን «ያን ቀን አልሰማሁም። አልሰማሁም ማለት አቃተኝ። ይቅር በለኝ» ነው።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ደብዳቤህን አነበቡልኝ» አለ። መሬቱን በጫማው ትንሽ ጫር ጫር አደረገ። «አዲሱ ኩሽኔታ ደህና ይሁን አይሁን እይልኝ ብዬ ነው። ልጆቹ ሰባት ተኩል ላይ ይወጣሉ።»

መንገድ ላይ መፈተሽ አልተፈቀደልኝም አልኩት። «እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ትቀመጣለህ» አለ። የጋራዡን ባለቤት አየሁት፤ በእጁ ሂዱ አለ። ገባን። በቀኝ በኩል ተቀመጥኩ፣ እሱ በግራዬ። እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሄድን። ዝናብ የለም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

«ይሰማሃል?» አለኝ።

«አይሰማኝም። አንተስ?»

«እኔም አይሰማኝም።»

ተመለስን። ክሪኩን አስገብቼ አራቱንም እግር አንድ በአንድ አነሳሁ።